ጥላ ሲያይ የሚቆም ባቡር

ስለ ባቡር የተጻፈ ብዙ አንብቤአለሁ፤ አብዛኛው አይረባም። ደራሲዎች ባቡር የሚወዱት ሰው ለማገናኘትና ለማለያየት ስለሚመቻቸው ይመስለኛል። አንዱ በመስኮት ብቅ ይላል፣ ሌላዋ መሐረብ ታውለበልባለች፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ምዕራፉ ያልቃል። ባቡሩ እንዴት እንደተነሣ የሚነግር ግን አንድም አላገኘሁም። «ባቡሩ ተንቀሳቀሰ» ብለው ያልፋሉ። ለታላቅ ወንድሜ እንዲህ ያለ ቦታ ሳነብለት አስቆመኝና፣

«ማን አንቀሳቀሰው?» አለ።

መጽሐፉ አይልም። ገጹን መለስ ቀለስ አድርጌ አየሁ፤ እውነትም ነጂ የለውም።

ወንድሜ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ዕድሜውን ድሬዳዋ ላይ ባቡር ሲነዳ የፈጀ ሰው ነው። ሁለታችንም የተወለድነው ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ መኪና በማይደርስበት ገጠር ነው። ሐዲድ የሚባል ነገር ተሰምቶ ከማይታወቅበት አገር ወጥቶ እንዴት ነጂ እንደሆነ እሱም አስተካክሎ አይነግርም። እኔ በተቃራኒው የትም አልሄድኩም። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ አስተማርኩ፤ አሁንም እዚያው ተቀምጬ ማንም ያልጠየቀኝን አስተያየት እጽፋለሁ።

ሚስቱ ካረፈች በኋላ ብቻውን መኖር ስላልቻለ ወደ እኔ መጣ። ደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። ጉልበቱ ላይ ካርቶን አቅፎ ነበር፤ ረዳቱ ከላይ ልጫነው ቢለው አሻፈረኝ አለ። አውቶቡሱ በቆመና በተነሣ ቁጥር ጋሼ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ይኼ ሰውዬ ፍሬን የሚረግጠው እባብ ያየ ይመስል ነው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት።

ረዳቱ ሰማ። «አባባ፣ ካልተመቸዎት በባቡር ይሂዱ!»

መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ ጋሼም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ካርቶኑን የያዙት እጆቹ ሲንቀጠቀጡ እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ከመንገዱ ነው ብዬ ነበር፤ ከዚያ መኪናው ሰው ለመጫን ቆመ፤ እጆቹ ግን አልቆሙም።

ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ባቡር ነው። አብሮት ይሠራ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወለት፣ ሁሉም ቢቀጣጠል ከክንድ የማይረዝም ባቡር ከነፉርጎዎቹና ከነሐዲዱ። እንግዳ መቀበያው ክፍል፣ መስኮቱ ፊት ለፊት፣ አሮጌ በር በሁለት ዴስክ ላይ አጋደምንና ሐዲዱን ክብ አድርገን ዘረጋነው። «አድርገን» አልኩ እንጂ እሱ ሲያዝ እኔ ገልብጬ ስገጥም ነው። ጣቢያውን ከጫማ ካርቶን ሠራሁ። ጎረቤታችን፣ አረቄ አውጥተው የሚሸጡ አንደበተ ስል ሴት፣ ገብተው ዞር ዞር ብለው አዩት።

«እህል አይፈጭም?» አሉ።

«አይፈጭም።»

«ሰውም አይጭን?»

«አይጭንም።»

«እንግዲያማ እንደ አንተ ነው፣ አያ መምህር» አሉኝና ወጡ።

ባቡሩ ግን የሚጭነው ነገር ነበረው። ጋሼ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ አስመጣኝና መጨረሻው ፉርጎ ላይ አስቀመጠ፤ አፉ እስኪደርስ ውኃ እንድሞላው አዘዘኝ።

«መሮጥማ ሞተሩም ይሮጣል» አለ። «ነጂ የሚታወቀው ሲያነሣና ሲያቆም ነው። ልጇን ታቅፋ የተኛች ሴት ከአንዱ ጣቢያ ተነሥታ ሌላው ጣቢያ እስክትደርስ ካልነቃች፣ ያ ነጂ ነው። እኔ ስነዳ ከኋላዬ የተኛ ሰው አይቀሰቀስም ነበር።»

ከባቡሩ ጋር የመጣች ሳጥን ላይ በጣት የምትዞር ቁልፍ አለች፤ ባዞሯት መጠን ኃይል ትሰጣለች። ጋሼ ያዛት። ጣቱ ወደፊት አዞራት፣ መለሳት፣ እንደገና አዞራት፣ ሁሉንም ሳይፈልግ። ባቡሩ እንደተገረፈ በቅሎ ዘለለ። ቆርኪው ተደፋ። እንደገና ሞላሁ፤ እንደገና ተደፋ። እንዲህ ስንል ስንት ጠዋት እንዳለፈ እንጃ፤ የበሩ እንጨት አብጦ ነበር። በመጨረሻ «እስኪ አንተ» አለኝ። የእኔ እጅ አይንቀጠቀጥም። ባቡሩ ግን በእኔም እጅ ዘለለ።

«እጅህ ጤነኛ ነው» አለኝ፤ «ግን መሃይም ነው።»

በእነዚያ ቀናት ደብረ ታቦር ሄደን ያየው ሐኪም የሕመሙን ስም ነገረን። መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም አለ። ጋሼ ይህን የሰማው እንደ ሥራ ጉዳይ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንደደከመበት ባቡር ነዋ፣ አለው። ወደ ቤት ስንመለስ እንዲህ አለኝ፦

«አንድ ጉዞ ብቻ ነው የምፈልገው። ውኃው ሳይፈስ ተነሥቶ ውኃው ሳይፈስ ሲቆም። እግሬም ዓይኔም እንደ እጄ ሳይሆኑ። እና እኔ የነዳሁት መሆን አለበት።»

ቆርኪውን ጎደል አድርጌ ብሞላውስ አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ቁጣውን አውቀዋለሁ፤ ይህ ግን ንቀት ነበር።

እኔ በሕይወቴ አምፖል ቀይሬ ከሆነ ያኔም በርቶ ይሁን አይሁን አላስታውስም። ስለ ማሽንና ስለ ሰው ልጅ ብዙ ጽፌአለሁ፤ ማሽን የሰውን ክብር እንደሚነጥቅ፣ ሰነፍ እንደሚያደርገው። አሁን ወንድሜ ከፊቴ ተቀምጦ ክብሩን የሚመልስለት ማሽን ይፈልጋል፤ የጻፍኩት ሁሉ ቆርኪ ውኃ አይሸከምም። ስለዚህ ገበያው ዳር ሬዲዮ፣ ስልክና ሶላር የሚጠግነው ጎልማሳ ዘንድ ሄድኩ። ጉዳዩን አስረዳሁት።

«ቀላል ነው» አለ።

ይህችን ቃል ከዚያ በኋላ ፈራኋት።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የክብሪት ሣጥን የምታህል አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አስመጣ። አሠራሯን ለጋሼ ሲያስረዳ እኔም ሰማሁ። ኃይሉን በአንድ ጊዜ ከመልቀቅ ጥቂት በጥቂት ትጨምራለች፤ ሲቆምም ጥቂት በጥቂት ትቀንሳለች። መቼ እንደሚቆም የሚነግራት ደግሞ ዓይን አላት፤ ጣቢያው ሊደረስ ሲል በሐዲዱ መካከል የሚተከል፣ ብርሃን የሚያይ ዓይን። ባቡሩ ሲያልፍበት ጥላ ያያል። ጥላ ካየ ማቀዝቀዝ ይጀምራል፤ ባቡሩ እየተሳበ ያልፈውና ጣቢያው ላይ ይቆማል። ዓይኑ እንደገና ብርሃን ሲያይ ጥቂት ጠብቆ ያስነሣዋል።

«ብርሃኑን ከየት ነው የሚያገኘው?» አለ ጋሼ።

«ከመስኮቱ ነዋ፣ ጋሽዬ። መብራት አምነን አንሠራም። ሞተሩን በሶላር ባትሪ፣ ዓይኑን በፀሐይ። ሐሳብ አይግባዎት፤ ሳያውቁት ነው የሚነሣው።»

መጀመሪያ ቀን ባቡሩ አቃሰተ፣ አቃሰተ፣ ከዚያ ድንገት ተፈናጠረ። ሞተሩ በትንሽ ኃይል አልነቃ ብሎ ቆይቶ፣ ኃይሉ ሲበዛበት ተወርውሮ ነው የሚነሣው። ጠጋኙ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መነሻ ኃይሉን ከፍ አደረገ፤ ትንሽ ተሻለ። ከዚያ ሐዲዱ ቆሽሿል፣ በአልኮል ይጠረግ አለ። ፋርማሲው ዘግቶ ስለነበር ወደ ጎረቤታችን ሄድኩና ጠንካራውን አረቄ ጠየቅኋቸው።

«ከመቼ ወዲህ?» አሉኝ።

«ለእኔ አይደለም፤ ለሐዲዱ ነው።»

«ሰው አረቄ ጠጥቶ ሐዲድ ይስታል ሲባል ሰምቻለሁ። እናንተ ሐዲዱን ልታጠጡት ነው?» ግን ቀዱልኝ።

ሐዲዱን ወለወልነው። ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ሐዲዱን የተሸከመውን በር ሞልቶታል። ቆርኪውን አፉ ድረስ ሞላሁ። ባቡሩ ተነሣ። መቼ እንደተነሣ አላየሁም፤ ያየሁት ሄዶ ነው። ዞረ፣ ዓይኑን አለፈ፣ እየቀዘቀዘ መጣና የጫማ ካርቶኑ ፊት ቆመ። ውኃው እንደ ዓይን ብሌን ቆርኪው ላይ ጉብ ብሎ ቀረ፤ አልፈሰሰም።

ጠጋኙ አጨበጨበ። እኔም፣ ማጨብጨብ የማልወደው ሰው፣ አጨበጨብኩ። ጋሼ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣምሮ ተቀምጧል፤ አንዱ ሌላውን ይዞታል።

«ጥሩ ነው» አለ። «ነጂው ማነው?»

«ነጂ አያስፈልገውም፣ ጋሽዬ! አውቶማቲክ ነው!» አለ ጠጋኙ፣ ደስ እያለው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ጋሼ።

ጠጋኙ ከሄደ በኋላ ባቡሩ መዞሩን ቀጠለ፤ ይነሣል፣ ይቆማል፣ ይነሣል። ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባትሪውን ነቀልኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሊጠይቀው መጣ። በሽተኛ ያለበት ቤት በእኛ አገር በር አይዘጋም። ጎረቤቶች፣ የሰፈር ሽማግሌዎች፣ ሁሉም በመስኮቱና በሐዲዱ መካከል በተደረደረው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ጋሼ ከሐዲዱ ወዲያ ወንበሩ ላይ ነው። ባቡሩን እንዲያሳያቸው ለመኑትና አስነሣሁት፤ ቆርኪውም ተሞላ። ሰው ዝም ብሎ ያያል። አንድ ሽማግሌ በዞረ ቁጥር «ደግሞ መጣ» ይላሉ።

በዚህ መካከል የንስሐ አባታችን ገቡ። ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር የድጓ ዜማ የተማሩ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚታወቅ አባት ናቸው። እንደ ወጉ ቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ።

«ኖር!»

«በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ» አሉ አባ።

ባቡሩ ከጣቢያው ገና ወጥቶ፣ ከክቡ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነበር። ቀስ አለ። እየተሳበ፣ እየተሳበ፣ ሜዳ ላይ ቆመ። ከውኃው ጠብታ አልፈሰሰም።

መጀመሪያ የተናገሩት ጎረቤታችን ናቸው፤ «አቤት! ከበሬታ ያውቃል እኮ!»

ሰው በሳቅና በመገረም ተንጫጫ። አባም ባቡሩን ለማየት ወደ ሐዲዱ ጎንበስ አሉ፤ ስለዚህ አልተቀመጡም። አባ ካልተቀመጡ የሚቀመጥ የለም።

«አባ ይቀመጡ።»

«እናንተ ተቀመጡ፤ እኔ ይኼን ልየው።»

«ኧረ በማርያም፣ እርስዎ ቆመው!»

አባ እያደነቁ ነው። «እንዴት ያለ አቋቋም ነው! ማኅሌት ላይ ቆመን ከምንለው ከቁም ዜማ በመቋሚያ ወደሚወዛወዘው ዝማሜ ስንሄድ እንዲህ ነው፤ መቼ እንደተሸጋገርህ አይታወቅም። ጭብጨባው፣ ጽፋቱ፣ የሚደርሰው በኋላ ነው። ይኼን ያስተማረው ማነው?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ አግዳሚው ያለው በመስኮቱና በሐዲዱ መካከል ነው፤ ሰው ሁሉ ሲነሣ መስኮቱ ተጋረደ፤ ጥላው ሐዲዱ ላይ ወደቀ፤ የተተከለው ዓይንም ጥላ አየ። ጠጋኙ በሞከረበት ቀን ቤቱ ባዶ ነበር፤ ሽማግሌ ሲገባ ቤት ሁሉ የሚነሣበት አገር መሆኑን ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብነውም። እሱም እዚሁ አገር ያደገ ነው፤ እኛም።

ዞር ስል ጋሼ የወንበሩን ክንድ ይዞ ለመነሣት እየታገለ ነው። በሽተኛ ይቅር ይባላል፤ ማንም ተነሥ አይለውም። እሱ ግን ሌላው ሁሉ ቆሞ መቀመጡ አሳፍሮት፣ ደግሞም ዓይኑ ባቡሩ ላይ ሆኖ፣ እጁ የወንበሩን ክንድ ይስታል። ባቡር ነጂ ከሁሉ የሚጠላው በጣቢያና በጣቢያ መካከል መቆም እንደሆነ ነግሮኛል፤ ተሳፋሪው «ምን ሆነ?» እያለ፣ መልስ የሌለበት ቦታ። ደርሼ በብብቱ ያዝኩት፤ ላስነሣው ላስቀምጠው አላወቅሁም። ከፊሉ ሰው ይነሣ፣ ከፊሉ ይቀመጥ ይላል።

«ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡልኝ!» አልኩ፣ ከአፌ ያልተጠበቀ ስም ጠርቼ።

አባ ደነገጡና ተቀመጡ። ሁሉም ተቀመጠ። ፀሐዩ ተመለሰ። ባቡሩ ጥቂት ጠበቀና ማንም ሳያውቅ ተነሣ።

ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ። ጋሼ አልሳቀም። አፉን ከፍቶ መስኮቱን ያያል፣ ከዚያ ሐዲዱን ያያል፣ ከዚያ መስኮቱን።

በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ወንበሩን ወደ መስኮቱ እንዳስጠጋለት አዘዘኝ። ፀሐይ ገብቷል። «ሙላ» አለኝ፤ ቆርኪውን ሞላሁ። ባቡሩ ተነሥቶ ሲዞር ጋሼ ቀኝ እጁን አነሣና በመስኮቱና ሐዲዱ ላይ በተተከለው ዓይን መካከል ዘረጋው። እጁ እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጣል፤ ጥላውም በሩ ላይ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገባል። እኔ ቆርኪውን ለመያዝ ተዘጋጀሁ።

ባቡሩ ግን መንቀጥቀጡን አላየም። ሰሌዳዋ ጥላ አንዴ ካየች፣ ብርሃኑ ሳይቋረጥ እስኪቆይላት ሐሳቧን አትለውጥም፤ ጥላው ቢመጣ ቢሄድ ጉዳይዋ አይደለም። ባቡሩ ቀስ እያለ መጣ። ከካርቶኑ ጣቢያ ወዲህ፣ ጋሼ በዓይኑ በመረጠው ቦታ ላይ ቆመ። ውኃው ጉብ እንዳለ ነው።

ጋሼ የእጁን ጥላ በሐዲዱ ዓይን ላይ እንዳደረገ ቆየ። ባቡሩም ቆየ።

«ውረዱ» አለ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ እጁን ሰበሰበ። ባቡሩ ጠበቀና ተነሣ፤ ውኃው አልተነቃነቀም። ጋሼ ባቡሩን አላየውም፤ እጁን ነው የሚያየው።

ያን ቀን እስከ ከሰዓት ድረስ ነዳ። ልመግበው ብመጣ «መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ። ጎረቤታችን በበር ብቅ ብለው አዩትና፣ አንድም ነገር ሳይናገሩ ወጡ፤ ይህ ሲሆን የመጀመሪያቸው ነው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም እንደነዚያ ደራሲዎች በሆንኩ ነበር።

ጠጋኙ ሥራ አገኘሁ ብሎ ባሕር ዳር ሄደ፤ ላፕቶፑም አብሮት ሄደ፤ ስልኩ አይሠራም። ባቡሩ ላይ አንዳች ነገር ለመለወጥ የሚችል ሰው እስቴ ውስጥ ከእንግዲህ የለም። ሰሌዳዋ የተስተካከለችው በበጋ ፀሐይ ነበር። ከዚያ የጉና ተራራ ደመና መውረድ ጀመረ። ክረምት መግባቱን ከዘንድሮ በፊት የማውቀው በጭቃው ነበር፤ ዘንድሮ በባቡሩ አወቅሁት። ደመና ባለፈ ቁጥር ዓይኑ ጥላ ያያል፤ ባቡሩ ቀስ ብሎ፣ በሚያስቀና ሥነ ሥርዓት፣ የትም ይቆማል። ይሻለው እንደሆነ ብዬ ሐዲዱን ደጋግሜ በአረቄ ወለወልኩት። ዓይኑ ላይ የእጅ ባትሪ ለመደቀን ሞከርኩ፤ ጋሼ የባትሪው ብርሃን ከአንድ ቦታ ብቻ ስለሚመጣ እጁ እንደሚስተው ነገረኝ። ልክ ነው፤ ሳተው።

እጁም ራሱ በአየር ላይ መቆየት አቃተው። አሁን ሲነዳ ክርኑን ከሥር እደግፍለታለሁ። ክንዱ መዳፌ ላይ ሲንቀጠቀጥ እኔም አብሬው እንቀጠቀጣለሁ፤ በሩ ላይ የሚታየው ጥላ የሁለታችን ነው።

ትናንት ጠዋት ሰማዩ ትንሽ ተከፈተ። «ቶሎ ሙላ» አለኝ። ሞላሁ። ባቡሩ ተነሣ፣ ጥሩ አድርጎ። ክርኑን ይዤ ነበር፤ እጁ ገና ወደ ብርሃኑ ሳይደርስ ግን ክፍሉ ጨለመ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። ባቡሩ እየተሳበ ወዲያኛው ጫፍ ላይ፣ ከጣቢያው ርቆ ቆመ።

ጠበቅን። ደመናው አላለፈም። ክንዱ መዳፌ ላይ ከበደኝ።

«ልግፋው?» አልኩት። «ጣቢያው ድረስ በጣቴ።»

«አትንካው» አለ። «ከኋላ ያሉት ተኝተዋል።»

ክርኑን ለማውረድ ሞከርኩ፤ አውርደው አላለኝም። ዝናቡን እየሰማን እጁን አየር ላይ ይዘን ተቀመጥን።